ለትልልቅ የብረት ሥራዎች የሚሆን በእጅ የሚሠራ ከባድ ቶርኖ፦ አዲስ ባለ 800 ወይስ ያገለገለ ባለ 1000?

ጥያቄ፦ ከ«ጥገና ክፍል»

ጤና ይስጥልኝ። የምመራው ወርክሾፕ በአብዛኛው የጥገና ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ የተበላ ሻፍትን በብየዳ ሞልቶ ወደ ልኩ መመለስ፣ የሮለሮችን ገጽ ማስተካከል፣ ትልልቅ ፍላንጆችንና ፑሌጃዎችን መቅረጽ የዘወትር ተግባራችን ነው። ያለን ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ከአልጋው (ሐዲድ ካለው ረጅም መሠረቱ) በላይ እስከ 500 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ሥራ ብቻ የሚያዞር በመሆኑ ከዚያ የሚበልጠውን ሥራ ለሌሎች ስናስተላልፍ ቆይተናል። አሁን ከባድ ማሽን እንዲገዛ ስለተወሰነ፣ ምርጫውን አጥንቶ የማቅረቡ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቷል።

የቀረቡልኝ ሁለት ማሽኖች ናቸው። የመጀመሪያው አዲስ ሲሆን ከአልጋው በላይ 800፣ ከክሮስ ስላይዱ (መቁረጫውን ወደ ሥራው ከሚያስጠጋው ተንሸራታች) በላይ 480 ሚሊሜትር ያዞራል፤ በሴንተሮቹ (ሥራውን ከሁለት ጫፍ በሚይዙት ሹል ደጋፊዎች) መካከል 3000 ሚሊሜትር ርዝመት ይይዛል፤ እስከ 2 ቶን ይሸከማል፤ ሞተሩ 11 ኪሎ ዋት፣ ዝቅተኛ ፍጥነቱም በደቂቃ 25 ዙር ነው። ሁለተኛው ለረጅም ዓመታት ያገለገለና ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ከአልጋው በላይ 1000፣ ከክሮስ ስላይዱ በላይ 650 ሚሊሜትር ያዞራል፤ የሴንተሮቹ ርቀት እንደ አዲሱ 3000 ሚሊሜትር ሆኖ እስከ 5 ቶን ይሸከማል፤ ሞተሩ 22 ኪሎ ዋት፣ ዝቅተኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 5 ዙር ነው።

ከሥራዎቻችን ሁሉ ከባዱ ድፍን የብረት ሮለር ሲሆን የአካሉ ዲያሜትር 600፣ ርዝመቱ 1800 ሚሊሜትር ነው። ሻፍቶቹ እስከ 400 ሚሊሜትር ዲያሜትርና እስከ 2500 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው። ፍላንጆቹ እስከ 780 ሚሊሜትር ይሰፋሉ፤ ውፍረታቸው ግን ከ150 አያልፍም። ባልደረቦቼ ያገለገለ ማሽን የተደበቀ ጉዳት አያጣውም በማለት አዲሱን ይመርጣሉ፤ ስጋታቸውን እኔም እጋራለሁ።

በካታሎግ ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች መካከል ውሳኔያችንን ሊመራ የሚገባው የትኛው ነው? ያገለገለውን ማሽን ከመግዛታችን በፊት በምን ምርመራ ማለፍ አለበት? በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ማግኘት በሚቻልበት በዚህ ጊዜ በእጅ የሚሠራውን መምረጣችንስ ትክክል ነው? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ምላሽ፦ ከ«ስፒንድል»

ጤና ይስጥልኝ። ከዝርዝርዎ በመነሣት በቀጥታ ልናገር፤ አዲሱ ማሽን ዋናውን ሥራዎን ሊሠራልዎ አይችልም። ይህን የምለው ስለ ጥራቱ አስቤ ሳይሆን በመጠኑና በአቅሙ ምክንያት ነው።

ሻጮች ጎላ አድርገው የሚጽፉት ከአልጋው በላይ የሚዞረውን ዲያሜትር ነው። ይህ ቁጥር እንደ ፍላንጅ ላለ አጭር ሥራ ያገለግላል፤ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ የሚሄደው ክፍል) ከሥራው ጎን ቆሞ ፊቱን ስለሚቆርጥ ነው። ረጅም ሥራ ሲሆን ግን ካሬጁና ክሮስ ስላይዱ ከሥራው ሥር ማለፍ ስላለባቸው፣ መታየት ያለበት ከክሮስ ስላይዱ በላይ የሚዞረው ዲያሜትር ነው። የእርስዎ ሮለር 600 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ አዲሱ ማሽን የሚያሳልፈው 480 ብቻ ነው። ፍላንጁ እንኳን በባለ 800 ማሽን ሲታሰር ከአልጋው የሚርቀው 10 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከዳርቻው ወጣ ያለ የቻክ (ሥራውን ጨብጦ የሚያዞር መያዣ) መንጋጋ ካለ አልጋውን ይመታል።

በዚህ ረገድ የማሽን ስሞችም ገዢን ያሳስታሉ። በድሮው የሶቪየት ስያሜ «ዲፕ 500» የሚባለው ማሽን ቁጥሩ የሚነግረን የሴንተሩን ከፍታ በመሆኑ፣ ከአልጋው በላይ የሚያዞረው የዚያን እጥፍ፣ ማለትም 1000 ሚሊሜትር ነው። በቻይና ስያሜ ደግሞ «ሲደብሊው 6180» ሲባል የመጨረሻዎቹ አኃዞች የሚገልጹት የሚዞረውን ዲያሜትር በሴንቲሜትር ስለሆነ 800 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሁለቱን በስማቸው ብቻ ማወዳደር አይቻልም። «1ኤም63» የተባለው በስፋት የሚታወቅ የሶቪየት ማሽን ከአልጋው በላይ 630 ያዞራል፤ ከካሬጁ በላይ ሲሆን ግን 350 ብቻ ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ክብደቱን እናስላ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ብረት 7850 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 600 በ1800 የሆነው ድፍን ሮለር አካሉ ብቻ ወደ 4 ቶን ይጠጋል፤ የኩሽኔታ መቀመጫ ጫፎቹ ሲጨመሩ ያልፋል። 400 በ2500 የሆነው ሻፍትም ወደ 2.5 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ 2 ቶን የሚሸከመው ማሽን ሻፍቱንም ሮለሩንም በደንቡ መያዝ አይችልም። በተጨማሪ ልብ ሊሉት የሚገባው በካታሎግ የሚሰጠው የመሸከም አቅም ብዙውን ጊዜ በሁለት ሴንተር መካከል ለተያዘ ሥራ መሆኑን ነው። በቻክ ብቻ ተይዞ ጫፉ በአየር ላይ ለሚቀር ሥራ የተፈቀደው ክብደት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስለ ዝቅተኛው ዙር። የመቁረጫ ፍጥነት የሚገኘው ዲያሜትርን በፓይና በደቂቃ ዙር በማባዛት ነው። 780 ሚሊሜትር የሆነ ፍላንጅ በ25 ዙር ሲዞር ዳርቻው በደቂቃ 61 ሜትር ይሄዳል። ይህ ለካርባይድ መቁረጫ ይስማማል፤ በሃይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር መሥራት ከፈለጉ ግን የሚያስፈልግዎ 10 ዙር ያህል ነው። በትልቅ ዲያሜትር ላይ ጥርስ ማውጣት፣ ቦይ መቁረጥ፣ ወይም በብየዳ የተሞላና ጥንካሬው ከቦታ ቦታ የሚለያይ ገጽ መላጥ ሲመጣ ዝቅተኛ ዙር የሌለው ማሽን ያስቸግራል።

ስለ ጉልበትም አንድ ስሌት ልጨምር። መካከለኛ ካርቦን ያለውን ብረት በ8 ሚሊሜትር ጥልቀት፣ በዙር በ0.6 ሚሊሜትር ፊድ (መቁረጫው በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት)፣ በደቂቃ በ80 ሜትር ፍጥነት ቢቆርጡ፣ የብረቱን የመቁረጥ ተቃውሞ በካሬ ሚሊሜትር 2000 ኒውተን ብንወስድ መቁረጫው ላይ 12.8 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። በጥርሶችና በኩሽኔታዎች የሚባክነው ሲታሰብ ሞተሩ 16 ኪሎ ዋት ያህል መስጠት አለበት። ባለ 11 ኪሎ ዋቱ ማሽን ጥልቀቱን ወደ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ካላደረጉለት አይወጣውም። በ600 ሚሊሜትር ሮለር ላይ ይህ ፍጥነት በደቂቃ 42 ዙር ስለሆነ 1800 ሚሊሜትሩን አንድ ጊዜ ለማለፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አንድ ተጨማሪ ላጣ (የመቁረጫው አንድ ማለፍ) ማለት አንድ ተጨማሪ ሰዓት ማለት ነው።

በእጅ ወይስ በኮምፒውተር ለሚለው ጥያቄዎ፣ ሥራዎ ጥገና ከሆነ በእጅ የሚሠራው ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። እያንዳንዱ የሚመጣ ዕቃ ቅርጹም ጉዳቱም የተለየ ነው፤ ፕሮግራም እስኪጻፍ ባለሙያው የመጀመሪያውን ላጣ ይጨርሳል። በብየዳ የተሞላ ገጽ ላይ መቁረጫው ጠጣር ቦታ ሲያገኝ ድምፁን ሰምቶ ፊዱን የሚቀንስ የባለሙያ እጅ ያስፈልጋል። ገጹ መሐሉ ወፈር ብሎ ወደ ዳር የሚቀጥን ሮለር ወይም ተመሳሳይ ዕቃ በብዛት የምትሠሩ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። በእጅ በሚሠራው ማሽን ላይ ርቀት የሚያነብ ዲጂታል ማሳያ ማስገጠም ግን በጣም ይጠቅማል፤ በትልቅ ማሽን ላይ የእጀታ ቀለበቶችን እያነበቡ ከስፒል ልልነት ጋር መታገልን ያስቀራል።

ምላሽ፦ ከ«አልጋ ፋቂ»

በ«ስፒንድል» ስሌት እስማማለሁ። ሆኖም ያገለገለው ማሽን ይሻላል የሚለው የሚጸናው ማሽኑ ተለክቶ ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ በምርመራው ላይ አተኩራለሁ።

ማሽኑ ታጥቦ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከጠበቀዎ በዚያ አይደሰቱ፤ ዘይትና ፍቅፋቂ ያለበት ማሽን ስለ ራሱ የበለጠ ይናገራል። ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪክ ተያይዞ በሥራ ላይ እንዲያዩት ይጠይቁ።

የቶርኖ አልጋ በእኩል አይበላም። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ከሄድስቶኩ (ሥራውን የሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ስፒንድሉ፣ ካለበት ክፍል) አጠገብ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው የአልጋ ክፍል ይበላል፤ በቴልስቶኩ (የሥራውን ሌላ ጫፍ በሚደግፈው ክፍል) ጫፍ ያለው ደግሞ እንደ አዲስ ይቆያል። ይህን ለማወቅ የካሬጁን ጊብ (የልልነት ማስተካከያ ሽብልቅ) እና የታች መያዣዎች ሄድስቶኩ አጠገብ ልልነት እስኪያጡ ድረስ ያጥብቁና ካሬጁን በእጅ እየገፉ ወደ ቴልስቶኩ ይውሰዱት። በመንገዱ እየጠነከረ ሄዶ ከተያዘ መበላቱ ግልጽ ነው። ሻጩ ጊቡን በቴልስቶኩ በኩል አስተካክሎ ካቆየው ማሽኑ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ላይ ግን ካሬጁ ይንቀጠቀጣል።

መበላቱ ሥራውን እንዴት እንደሚጎዳ መረዳት ለውሳኔ ይረዳል። መቁረጫው በቀጥታ ወደ ታች 0.2 ሚሊሜትር ቢወርድ በ600 ሚሊሜትር ሮለር ላይ የሚፈጥረው የዲያሜትር ለውጥ ከማይክሮሜትር የሚያንስ ስለሆነ አይታይም። አደጋው ካሬጁ ሲያጋድል ነው። ፊት ለፊት ያለው የአልጋ ሐዲድ ከኋለኛው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ የበለጠ ቢበላ፣ የሐዲዶቹ ርቀት 600 ሚሊሜትር፣ የመቁረጫው ጫፍ ደግሞ ከሐዲዱ 500 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ጫፉ ከሥራው 0.08 ሚሊሜትር ይርቃል፤ በዲያሜትር ሲሰላ 0.17 ያህል ስሕተት ነው። ስለዚህ በካሬጁ ላይ አግድም የተቀመጠ ትክክለኛ ውኃ ልክ ካሬጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚያጋድል መመዝገብ፣ አልጋውን በጥፍር ከመዳሰስ እጅግ የበለጠ ይነግርዎታል።

ከዚያ ሥራ ያሠሩት። ወፍራም ድፍን ብረት በቻክ ይዘው፣ ቴልስቶክ ሳያስጠጉ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት አንገት ትተው መካከሉን ዝቅ ያድርጉ፤ ሁለቱን አንገቶች መቁረጫውን ሳይነኩ በአንድ ቀጭን ላጣ አልፈው በማይክሮሜትር ይለኩ። የአንገቶቹ ርቀት 300 ሚሊሜትር ሆኖ ልዩነታቸው ከ0.02 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ ለጥገና ሥራ ጥሩ ማሽን ነው እላለሁ። ልዩነቱ ቢበልጥ ወዲያው አይጣሉት፤ ማሽኑ በተጠማዘዘ መሠረት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል አልጋው በውኃ ልክ ተስተካክሎ ሙከራው ይደገም። ለእነዚህ ልኬቶች ሁሉ የቶርኖ መቀበያ ፍተሻን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 1708 ዝርዝር አሠራርና ገደብ ስላለው፣ በውሉ ላይ በስሙ እንዲጠቀስ ያድርጉ።

ስፒንድሉን ለመመርመር ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ቻኩ ላይ አስጠግተው በጠንካራ እንጨት ከሥር ወደ ላይ ይደግፉት፤ መርፌው ሄዶ ሲመለስ የሚያሳየው ልልነት የኩሽኔታዎቹን ሁኔታ ይነግራል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውንም እንዲሁ ይለኩ። ቀጥሎ ማሽኑ በመካከለኛ ዙር ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይዙር፤ የፊት ኩሽኔታው ቤት እጅ የማያስነካ ከሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ ግዢው አይቀጥል። ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያስገቡ፤ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ በየዙሩ የሚሰማ መታ መታ የሚል ድምፅ የተሰበረ ወይም የተላጠ ጥርስ ምልክት ነው። የሄድስቶኩን ዘይት ከታች ቀድተው በነጭ ጨርቅ ላይ ያፍሱት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ በጣት የሚለቀም ስባሪ ግን አይደለም። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) በከባድ ላጣ ጊዜ እንደማይንሸራተት፣ ፍሬኑም የተጫነውን ቻክ እንደሚያቆም ይፈትሹ።

ቴልስቶኩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ከሥሩ ስለሚበላ ሴንተሩ ከስፒንድሉ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ ሴንተሮች መካከል ትክክለኛ የመለኪያ ዘንግ አስገብተው ከላይም ከጎንም በዳያል ያንብቡት። ከላይ ያለው ጉድለት ስፔሶር (ቀጭን ማስገቢያ ሳህን) በማስገባት ይታረማል። ጎን ለጎን 0.05 ሚሊሜትር ከተዛነፈ ሥራውን በዲያሜትር 0.1 ስለሚያሾጥጠው መስተካከል አለበት፤ ማስተካከያ ብሎኖቹ እንዳልዛጉ ያረጋግጡ።

አልጋው ክፉኛ ተበልቶ ከተገኘ መሞረድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሻጩ እንደሚናገረው ቀላል አይደለም። አልጋው ሲሞረድ ካሬጁ ዝቅ ስለሚል ከሊድ ስክሪውና ከፊድ ዘንጉ (ካሬጁን ከሚነዱት ሁለት ረጅም ዘንጎች) ጋር ያለው መስመር ይበላሻል፤ ከካሬጁ ሥር የፕላስቲክ ልባስ ተለጥፎ፣ በእጅ ተፍቆ፣ ከፍታው መመለስ አለበት። አልጋው ላይ ላዩን ብቻ የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ብዙ መሞረድ ጠንካራውን ንብርብር ያነሣዋል።

በመጨረሻ አብረው የሚመጡትን ዕቃዎች በስማቸው ይቁጠሩ፤ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ፣ የፊት ሳህን፣ ቋሚ ስቴዲ ሬስቶች (ረጅም ሥራን በአልጋው ላይ ቆመው የሚደግፉ)፣ ተለዋዋጭ ጥርሶች። ለባለ 1000 ማሽን የጠፋ ስቴዲ ሬስት እንደገና ማግኘት ከማሽኑ ጥገና የማይተናነስ ራስ ምታት ነው።

ምላሽ፦ ከ«ቁም ቶርኖ»

የሁለቱን ምክር አልቃወምም፤ ስለ ፍላንጆቹ ብቻ የተለየ ሐሳብ አለኝ። 780 ሚሊሜትር ሰፍቶ 150 ብቻ የሚወፍር ዕቃ በአግድም ቶርኖ ላይ ሲታሰር ክብደቱ በሙሉ በስፒንድሉ አፍንጫ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዕቃውን በክሬን አንጠልጥሎ በመንጋጋዎቹ መካከል ማማከልም አድካሚ ነው። በቁም የሚዞር ቶርኖ ላይ ግን ዕቃው በጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ክብደቱ ራሱ ያስቀምጠዋል፤ ባለሙያው የሚጨነቀው ስለ ማማከል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከጠቅላላው ሥራችሁ እጅግ የሚበዛ ከሆነ ወደፊት የተለየ ማሽን ቢታሰብበት መልካም ነው። ሮለርና ሻፍቱ ከበዙ ግን ባለ 1000 የአግድም ቶርኖው ሁለቱንም ያስተናግዳል።

አልጋው አፉ የሚከፈት ዓይነት ከሆነም ጥንቃቄ አይለያችሁ። የሚነሣው ቁራጭ ለትልቅ ዲያሜትር ቦታ ይሰጣል፤ በተነሣ ጊዜ ግን ካሬጁ ከሄድስቶኩ አጠገብ ድጋፍ ያጣል፤ ተመልሶ ሲገባም መቀመጫው እንደ ብርጭቆ ካልጠራ የቀድሞ መስመሩን አይይዝም።

ጠያቂው፦ «ጥገና ክፍል»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሮለሩ ክብደት ወደ 4 ቶን እንደሚጠጋ ለባልደረቦቼ በስሌት ሳሳያቸው ክርክሩ ተዘግቷል፤ ያገለገለውን ማሽን በ«አልጋ ፋቂ» ምርመራ መሠረት ለማየት ተስማምተናል። ፍላንጆቹ ከሥራችን ጥቂቱን ብቻ የሚይዙ ስለሆኑ በዚሁ ማሽን እንቀጥላለን።

ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። ለማሽኑ ምን ዓይነት መሠረት እናዘጋጅ? ሚዛኑን ያልጠበቀ ዕቃ፣ ለምሳሌ በአንድ ወገን የከበደ የኩሽኔታ ቤት፣ በምን ፍጥነት ማዞር ይቻላል? ለጥገና የሚመጡ አሮጌ ሮለሮች የሴንተር ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ከምን ተነሥተን እናማክላቸው?

ምላሽ፦ ከ«ውኃ ልክ»

ስለ መሠረቱ እኔ ልመልስ። ረጅም ቶርኖ በራሱ ጥንካሬ ብቻ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የጊዛው (በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራው) አልጋ ንዝረትን በሚገባ ይውጣል፣ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ሲጠማዘዝ አብሮ ይጠማዘዛል። ስለዚህ መሠረቱን እንደ ማሽኑ አካል መቁጠር ያስፈልጋል።

ማሽኑ የሚቀመጥበት በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ከወርክሾፑ ወለል ተለይቶ፣ ዙሪያውን ክፍተት ተትቶለት ይፈስስ፤ እንዲህ ካልሆነ በአጠገቡ የሚሠራ ፕሬስ ወይም መዶሻ ንዝረቱን ያስተላልፍበታል። ጥልቀቱ እንደ አፈሩ ስለሚለያይ የሲቪል መሐንዲስ ይወስነው፤ ሲሰላም የማሽኑ ክብደት ብቻ ሳይሆን የ5 ቶኑ ሥራም ይታሰብ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ 28 ቀን ሳይሞላው ማሽኑን አትጫኑበት።

ማሽኑ ሲቀመጥ በእያንዳንዱ እግሩ ሥር የሚስተካከል ሽብልቅ ይኑር። በሜትር 0.02 ሚሊሜትር የሚያነብ ውኃ ልክ ያስፈልጋል፤ የግንበኛ ውኃ ልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መጀመሪያ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ በአግድም ይለካ። ከሁለቱ አጥብቄ የማሳስበው የአግድሙን ነው፤ የአንዱ ጫፍ ንባብ ከሌላው ከተለየ አልጋው ተጠማዟል ማለት ነው፤ «አልጋ ፋቂ» ያስረዱት ማጋደል እንግዲህ ባልተበላ አልጋ ላይም ይፈጠራል። የመሠረቱን ብሎኖች አልጋውን ወደ ታች ለመጎተት አትጠቀሙባቸው፤ ሥራቸው በሽብልቁ የተስተካከለውን መያዝ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኮንክሪቱም አፈሩም ስለሚረጋ ልኬቱ በየጊዜው ይደገም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሙቀት ላስታውስ። ብረት ለእያንዳንዱ ሜትር በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። 2500 ሚሊሜትር የሆነው ሻፍት በላጣ ጊዜ 20 ዲግሪ ቢሞቅ በ0.6 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በቴልስቶኩ አጥብቀው ይዘውት ከሆነ የሚሄድበት ስለሌለው ይጎብጣል፣ ሴንተሩንም ያቃጥላል። በከባድ ላጣ መካከል ቴልስቶኩን ላላ አድርጎ እንደገና ማስጠጋት ግድ ነው። በዲያሜትርም ቢሆን 600 ሚሊሜትሩ ሮለር ከአካባቢው ሙቀት 10 ዲግሪ በልጦ ሳለ ቢለካ 0.07 ሚሊሜትር ይዋሻል፤ ለኩሽኔታ መቀመጫ ይህ ከሚፈቀደው በላይ ነው። የመጨረሻው ልኬት ብረቱ በርዶ ካደረ በኋላ ይሁን።

ምላሽ፦ ከ«ስፒንድል»

ሚዛኑን ስላልጠበቀ ዕቃ። የሚወረውረው ኃይል በዙሩ ካሬ ያድጋል። ከመሐል 200 ሚሊሜትር ርቆ 100 ኪሎ ግራም ትርፍ ክብደት ያለው ዕቃ በደቂቃ በ150 ዙር ሲዞር 500 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ኃይል ስፒንድሉን ይጎትታል፤ በ300 ዙር ግን ወደ 2 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ በፊት ሳህኑ ላይ በተቃራኒው ወገን ማመጣጠኛ ክብደት በብሎን ሳይታሰርበት እንዲህ ያለውን ዕቃ አታዙሩ። ስፒንድሉ ነፃ ተደርጎ በእጅ ሲዞር በየትኛውም ቦታ መቆም አለበት፤ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ወደ ታች የሚመለስ ከሆነ ገና አልተመጣጠነም። ከተመጣጠነም በኋላ ከዝቅተኛው ዙር ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር እንጂ በስሌት የተገኘው ፍጥነት በአንዴ አይሰጥ።

በቻኩ ላይ የታተመውን ከፍተኛ ዙርም አክብሩ። ቻክ በፈጠነ መጠን መንጋጋዎቹ ወደ ውጭ ስለሚጎተቱ ከውጭ በኩል የተያዘ ዕቃ መያዣው ይላላል። በማንኛውም ከባድ ዕቃ ላይ የክሬኑ ማንጠልጠያ የሚፈታው መንጋጋዎቹ ከጠበቁና ቴልስቶኩ ከተጠጋ በኋላ ነው፤ ማሽኑ አጠገብ የእጅ ጓንት አይለበስ፤ ረጅም ፍቅፋቂ በመንጠቆ እንጂ በእጅ አይነሣ።

ምላሽ፦ ከ«አልጋ ፋቂ»

የተቀጠቀጠ የሴንተር ቀዳዳን በተመለከተ፣ የሮለሩን አካል እንደ መነሻ አትውሰዱ፤ ለጥገና የመጣው አካሉ በእኩል ስላልተበላ ነውና። ከኩሽኔታ መቀመጫዎቹ መካከል ኩሽኔታው ተጭኖበት የኖረ፣ ያልተንሸራተተበት ንጹሕ ክፍል ይኖራል፤ ዳያሉ የሚነበበው ከዚያ ላይ ነው። አንዱን ጫፍ በባለ አራት መንጋጋ ቻክ ይያዙ፤ ሌላውን ጫፍ በመቀመጫው ላይ በቆመ ስቴዲ ሬስት ይደግፉ፤ ሁለቱም መቀመጫዎች በዳያል ከ0.02 ሚሊሜትር በታች እስኪያነቡ ድረስ መንጋጋዎቹንና የስቴዲ ሬስቱን ጣቶች ያስተካክሉ። ሮለሩ 4 ቶን ስለሆነ የስቴዲ ሬስቱ ጣቶች ባለ ኩሽኔታ ይሁኑ፤ የነሐስ ጣት ከሆነ ያለማቋረጥ ዘይት ይፈልጋል።

ከዚያ አሮጌውን ቀዳዳ በድሪል አትከተሉት፤ ድሪል የቀደመውን ጠማማ መንገድ ይዞ ይሄዳል። በቱል ፖስት (በመቁረጫ መያዣው) ላይ በታሰረ ትንሽ የውስጥ መቁረጫ፣ የላይኛውን ስላይድ በሚፈለገው ማዕዘን አዙረው ቀዳዳውን አዲስ አድርገው ይቁረጡት። ለተራ ሥራ 60 ዲግሪ የተለመደ ቢሆንም፣ ለእንዲህ ያለ ክብደት 75 ወይም 90 ዲግሪ ይመረጣል፤ ሰፊው ማዕዘን የቀዳዳውን ጠርዝ ከመሰንጠቅ ያድነዋል፣ ሸክሙንም በተሻለ ይቀበላል። ሴንተሩም ራሱ በዚያው ማዕዘን የተሞረደ መሆን አለበት። ተሽከርካሪ ሴንተር የምትገዙ ከሆነ አምራቹ የሚሰጠውን የሸክም ሠንጠረዥ ጠይቁ፤ የሮለሩ ግማሽ ክብደት፣ ማለትም 2 ቶን ገደማ፣ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ፣ የመቁረጫው ግፊት ተጨምሮበት የሚችል መሆኑን ከሠንጠረዡ ላይ አረጋግጡ።

ሮለሩ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ አዲሱን ቀዳዳ በግሪስ ሞልታችሁ በክዳን ዝጉት፤ በሚቀጥለው ጥገና የሚመጣው ባለሙያ ከዚያው ይነሣል።